ዱቄት እያለ የመጣ ረሃብ

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጦርነት እናወራለን፤ ጦር ሜዳ ግን አንወርድም። የምንቆየው አባወራው ከዘመተበት፣ ጓዳው ከተራቆተበት ቤት ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ዘመኑ ከ1861 እስከ 1865 የዘለቀው የርስ በርስ ጦርነት። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ላሳስባችሁ።

ማርች 18 ቀን 1863፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሶልስበሪ በምትባል የባቡር ከተማ፣ ወደ 50 የሚሆኑ ሴቶች መጥረቢያ ይዘው ወደ ገበያው ወጡ። አብዛኞቹ ባላቸው ግንባር ያለ ነው። አንድ ነጋዴ ዘንድ ደረሱና ዱቄቱን መንግሥት በሚገዛበት ዋጋ እንዲሸጥላቸው ጠየቁት። መንግሥት በርሜሉን የሚገዛው በ19 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በርሜል የምላችሁ ወደ 89 ኪሎ የሚይዘውን ነው። ገበያው ላይ ግን ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ነጋዴው አሻፈረኝ ብሎ በሩን ዘጋ። ሴቶቹም በሩን በመጥረቢያ ይፈልጡት ጀመር። ሰውየው የያዙት ነገር የምር መሆኑን ሲያይ 10 በርሜል በነጻ ሰጥቶ ተገላገለ። ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው አመሩ። የጣቢያው ወኪል «እዚህ ዱቄት የሚባል ነገር የለም» አላቸው። ገፋ አድርገውት ገቡ፤ ሌላ 10 በርሜል ተደርድሮ ቆይቷቸዋል። ወደየቤታቸው ሲመለሱ ከሌሎች ነጋዴዎች ያገኙትን ጨምሮ በጠቅላላው 23 በርሜል ዱቄት፣ 2 ጆንያ ጨው፣ ግማሽ በርሜል ሞላሰስና 20 ዶላር ይዘው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሴቶቹ የሄዱት ወደ ሱቅና ወደ ባቡር ጣቢያ ነው። ዱቄቱ የት እንዳለ ያውቃሉ። የተጣሉት ከዋጋውና ዋጋውን ከቆለለው ሰው ጋር ነው። የዚያን ጦርነት የደጀን ታሪክ ያነበብኩ ቁጥር የማየው ይህንኑ ነው፦ አገሩ በቆሎ ያበቅል ነበር፤ ሰው ግን ተራበ። እንዴት ሆነ? የዛሬው ዝግጅታችን የሚመልሰው ይህንን ነው።

አስቀድሜ ለማያውቀው አድማጭ ባጭሩ ላስታውስ። የደቡብ 11 ግዛቶች ባርነትን ላለመልቀቅ ሲሉ ከአሜሪካ ተገንጥለው ኮንፌደሬሽን የሚባል መንግሥት አቋቋሙ፤ ዋና ከተማቸውም በቨርጂኒያ ያለችው ሪችመንድ ሆነች። ሕዝባቸው ወደ 9 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ 3 ሚሊዮን ተኩል ያህሉ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ከነጮቹም ቢሆን አብዛኛው ቤተሰብ አንድም ባሪያ የለውም። በራሱ ጉልበት አርሶ የሚበላ ገበሬ ነው።

ችግሩም የጀመረው በዚህ ገበሬ ቤት ነው። በኤፕሪል 1862 የግዳጅ ውትድርና ሕግ ወጣ። መጀመሪያ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለውን ወንድ ነበር የሚወስደው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወደ 45 ከፍ አለ፤ በ1864 ደግሞ ከ17 እስከ 50 ሆነ። ባሪያ በሌለው ቤት አባወራው ሄደ ማለት ሞፈሩን የሚይዘው ሄደ ማለት ነው። ሴቲቱ ትንንሽ ልጆቿን ይዛ እርሻ ወጣች። በቅሎውን ጦሩ ወሰደው። በዚያ ላይ የ1862 ክረምት ድርቅ ሆነና በብዙ ቦታ በቆሎው ተቃጠለ።

ነገሩ ሁሉም ላይ እኩል ቢወርድ ኖሮ ምናልባት ይቻል ነበር። ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሌላ ሕግ ተከተለ፦ 20 ወይም ከዚያ በላይ ባሪያዎች ላሉበት እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከዘመቻ ይቀራል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ምትክ ገዝቶ መላክ ይችላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው፤ ባሪያዎቹ እንዳያምፁ ጠባቂ ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ድሃው ገበሬ የገባው ግን ሌላ ነው። «የሀብታም ጦርነት፣ የድሃ ውጊያ» የሚለው አነጋገር በየመንደሩ ተሰማ። ያልተገነጠለው ሰሜኑም ከዚህ ነጻ አልነበረም። እዚያም 300 ዶላር የከፈለ ከዘመቻ ይቀር ስለነበር በጁላይ 1863 ኒው ዮርክ ላይ ሕዝብ ተነሣ፤ ቁጣው ዞሮ በጥቁሮች ላይ ወረደና ከ100 ሰው በላይ አለቀ።

አሁን ወደ ጨው ልውሰዳችሁ። ዛሬ ጨው ርካሽ ስለሆነ ጨው ጠፋ ሲባል ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በዚያው ዘመን፣ ማለትም በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ፣ በእኛ ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር ስናስታውስ ግን ክብደቱ ይገባናል። በአሜሪካ ደቡብ የገበሬው ሥጋ የአሳማ ሥጋ ነው። ብርዱ ሲገባ ይታረዳል፤ በጨው ይታሻል፤ ጭስ በሚነድበት ጎጆ ውስጥ ይሰቀልና ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ጨው ከሌለ ሥጋ የለም። ጨዋቸው ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ጥጥ ሊጭኑ የሚመጡ መርከቦች ባዶአቸውን እንዳይመጡ ጨው ጭነው ይመጡ ነበርና። የሰሜኑ ፕሬዚዳንት ሊንከን በኤፕሪል 1861 የደቡብን ወደቦች በባሕር ኃይል ሲዘጉ ጥጡም መውጣት አቃተው፤ ጨውም መግባት አቃተው።

ሰው ምን አደረገ? የጭስ ጎጆውን ወለል ቆፈረ። ለዓመታት ከተሰቀለው ሥጋ እየተንጠባጠበ አፈሩ ጨው ጠጥቷል። አፈሩን በቀዳዳ ሣጥን ይሞሉና ውሃ ያፈሱበታል፤ ከሥር የሚንጠባጠበውን ቡኒ ውሃ በብረት ድስት አፍልተው ያተኑታል። ድስቱ ሥር የሚቀረው ጥቁር፣ አፈር አፈር የሚል ጨው ነው። ያንኑ ይጠቀሙበታል። ባሕር ዳር ያሉት፣ በተለይ በፍሎሪዳ፣ የባሕር ውሃ በትልልቅ የብረት ድስት እያፈሉ ጨው ያወጡ ነበር፤ የሰሜኑ መርከቦች ደግሞ እየመጡ ድስቶቹን ይሰባብሩባቸዋል። ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ ሶልትቪል የሚባል ትልቅ የጨው ማምረቻ ነበር፤ እሱም በዲሴምበር 1864 በሰሜን ጦር እጅ ወደቀ።

ከጨው በኋላ ገንዘብ። የኮንፌደሬሽን መንግሥት ለጦርነቱ የሚበቃ ግብር መሰብሰብ አልደፈረም፤ ባለ ባሪያዎቹም መክፈልን አጥብቀው ተቃወሙ። ስለዚህ ከወጪው ከግማሽ በላዩን ብር በማተም ሸፈነው። ብዙዎቹ ብሮች ላይ የታተመው ቃል ራሱ ይገርማል፦ የሰላም ውል ከጸደቀ ከ6 ወር በኋላ ለያዡ ይከፈላል ይላል። ጦርነቱን ካሸነፍን እንከፍልሃለን ማለት ነው። ሽንፈት በተሰማ ቁጥር ብሩ ወረደ። አንድ የሪችመንድ ጋዜጣ በጃንዋሪ 1863 የአንዲት ትንሽ ቤተሰብን የሳምንት አስቤዛ አስልቶ አወጣ። በ1860 በ6 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይሸመት የነበረው 68 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሆኗል። የተራ ወታደር ደመወዝ በዚያን ጊዜ በወር 11 ዶላር ነው፤ እሱም በወቅቱ ከተከፈለ። ባል ወር ሙሉ ጥይት ውስጥ የሚውልበት ደመወዝ ሚስቱን ሁለት ቀን እንኳ አያቆያትም።

መንግሥት ደግሞ የራሱ ብር ምን ያህል እንደቀለለ ስላወቀ በ1863 ብሩን ትቶ እህሉን ይወስድ ጀመር። በማርች ወር ጦሩ የሚፈልገውን ሁሉ ራሱ በተመነው ዋጋ በግዴታ እንዲገዛ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በኤፕሪል ደግሞ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲከፍል ታዘዘ፤ ከአሥር አንድ፣ በዓይነት። አድማጮቼ፣ አሥራት ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያናድደው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንዲህ የተሰበሰበው እህል ብዙው በየጣቢያው ተቆልሎ በሰበሰ፤ ሐዲዱ አርጅቷል፣ ፉርጎው ተሰባብሯል፣ የሚጠግን የለም። የከተማው ሰው የገጠር እህል ሲጠብቅ የገጠሩ እህል ባቡር ሲጠብቅ ይበሰብሳል። አየር በአየር ነጋዴው በዚህ መሐል ይከብራል። ገበሬውም የመንግሥት ገዢ ገበያ ላይ ይቀማኛል ብሎ ስለፈራ እህሉን ወደ ከተማ መውሰድ ተወ።

ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ የፈነዳው ሪችመንድ ላይ ነው። ከጦርነቱ በፊት 38 ሺህ ሰው ይኖርባት የነበረችው ከተማ በስደተኛ፣ በቁስለኛና በመንግሥት ሠራተኛ ተሞልታ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ታጭቆባታል። ማርች 1863 በተለይ ክፉ ወር ነበር። በ13ኛው ቀን ብራውንስ አይላንድ በሚባለው ቦታ ያለው የጥይት ማምረቻ ፈነዳ። በዚያ ጥይት የሚሞሉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ የድሃ ቤት ልጆች፣ ደመወዛቸው የቤቱ እንጀራ የሆነ። ከ40 በላይ ሞቱ። ከሳምንት በኋላ ከባድ በረዶ ወርዶ መንገዱን ዘጋ፤ የጓሮ አትክልት ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች ቀሩ። 27ኛው ቀን ደግሞ የኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ ሕዝቡ እንዲጾምና እንዲጸልይበት ያወጁት ቀን ነበር። ጾሙን ያወጁት በጎ አስበው ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይታወጅ የሚጾመው ሰው ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

ኤፕሪል 1 ማታ ሴቶች አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰበሰቡ። የመራቻቸው ሜሪ ጃክሰን ትባላለች፤ ገበያ ላይ ሥጋና አትክልት የምትቸረችር፣ ልጇ ወታደር የሆነ እናት ናት። ልጆቻችሁን ቤት ትታችሁ ኑ፣ መሣሪያም ያዙ አለቻቸው። ሱቅ ገብተን በመንግሥት ዋጋ ሽጡልን እንላለን፤ እምቢ ካሉ ሰብረን እንወስዳለን የሚል ነበር ስምምነቱ። በማግሥቱ ጠዋት በመቶዎች ሆነው መጀመሪያ የሄዱት ወደ አገረ ገዢው ነው። አገረ ገዢው አዳመጧቸው፤ የሚጨበጥ ነገር ግን አልሰጧቸውም። ከዚያ ወደ ገበያው መንገድ ወረዱ። መጥረቢያ የያዘች አለች፣ የሥጋ ቢላዋ የያዘች አለች፣ ሽጉጥ የያዘችም አለች። የሱቅ በሮች ተሰበሩ፤ ዱቄት፣ ሥጋና ጫማ በጋሪ ተጫነ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ጌጣጌጥና ልብስ የዘረፉም ነበሩ፤ ሁሉም የተራበ አልነበረም። ከንቲባው መጥተው የሕግ ማስጠንቀቂያ አነበቡ፤ የሰማቸው የለም። በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው መጡ። ባለቤታቸው በኋላ እንደጻፉት ጋሪ ላይ ወጥተው በኪሳቸው ያለውን ገንዘብ ለሕዝቡ በተኑ፤ ከዚያ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተበተናችሁ ወታደሩ ይተኩሳል አሉ። ሕዝቡ ተበተነ። ከ60 በላይ ሰዎች ታሰሩ።

በማግሥቱ የከተማው ጋዜጣ ምን ጻፈ? የጦር ሚኒስቴሩ ወሬው እንዳይወጣ ለጋዜጦችና ለቴሌግራፍ መሥሪያ ቤቱ ጥብቅ መልእክት ልኮ ነበር። ከጋዜጦቹ አንዱ በዚያ ቀን ያወጣው ርዕሰ አንቀጽ በሰሜን ስላለው ስቃይ የሚናገር ነው! ወሬው ግን ታፍኖ አልቀረም፤ በሳምንት ውስጥ ኒው ዮርክ ታተመ።

ሴቶቹ ተፈረደባቸው፣ ተሰደቡም። ግን ያገኙትም ነገር አለ። የከተማው ምክር ቤት ዐመፁን እያወገዘ፣ በዚያው ወር ለችግረኞች ነጻ የእህል ማደያ ከፈተ። በሌሎች ግዛቶችም እንዲሁ ሆነ። ጆርጂያ ለወታደር ቤተሰብ መቀለቢያ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር መደበች፤ አገረ ገዢዋ ጨው አከፋፈሉ፣ ከበቆሎ አረቄ ማውጣትን ከለከሉ፣ እህል እንዲዘራ ሲባል የጥጥ እርሻ በሕግ ተገደበ። ከጦርነቱ በፊት መንግሥት የድሃን ሆድ እምብዛም ጉዳዬ በማይልበት አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በእኔ አስተያየት ለውጡን ወደፊት የገፉትም እነዚያ መጥረቢያ የያዙ ሴቶች ናቸው።

የጓዳውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ የእኛ አድማጭ ይታዘበኛል፤ ቡና ጠፍቶ ነበርና። ባሕሩ ሲዘጋ ቡናም አብሮ ተዘጋ። ቡና የለመደ ሰው ያልሞከረው የለም። አጃ ቆላ፣ በቆሎ ቆላ፣ የባሚያ ፍሬ ቆላ፣ ስኳር ድንች ከትፎ አድርቆ ቆላ፣ የዛፍ ፍሬ ሳይቀር ቆላ። ጋዜጦች በየሳምንቱ አዲስ አሠራር ያወጡ ነበር። ከሁሉም የባሚያ ፍሬ ይሻላል የሚሉ ነበሩ፤ አንዱም ግን ቡና አልሆነም። ልብስም እንዲሁ ነው። ጥጥ በየሜዳው ሞልቶ፣ ጨርቁን የሚሸምኑት ፋብሪካዎች ያሉት በአብዛኛው ሰሜንና እንግሊዝ ነው። እንዝርትና መሸመኛ ከየሰገነቱ ወረደ፤ አያቶች ያውቁት የነበረውን ሙያ የልጅ ልጆች ከአዲስ ተማሩት። መርፌ እንደ ወርቅ ተጠበቀ፤ በስፒል ፋንታ እሾህ፣ በቆዳ ጫማ ፋንታ የእንጨት ሶል መጣ።

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችው ቪክስበርግ ደግሞ የባሰ አየች። ከሜይ 18 እስከ ጁላይ 4 ቀን 1863 ለ47 ቀን ተከበበች። መድፍ ቀንና ሌሊት ሲወርድ ነዋሪው ኮረብታውን ቆፍሮ ዋሻ ገባ፤ ምንጣፍና አልጋ ይዘው የገቡም ነበሩ። በመጨረሻ የበቅሎ ሥጋ ተበላ። ጋዜጣቸው ወረቀት ሲያልቅበት በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ይታተም ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ በአብዛኛው የነጮቹን ችግር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር እዚህ ላይ ይቆማል፤ እኔ ግን ከዚህ ካላለፍኩ ጎደሎ ነው እላለሁ። 3 ሚሊዮን ተኩሉ የት ነበሩ? ከበቆሎው ብዙውን የሚያበቅሉት እነሱ ናቸው። ሥጋ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የእነሱ ድርሻ ነው፤ ጨርቅ ሲጠፋ የሚራቆቱት እነሱ ናቸው። ወንዶቹ ለምሽግ ቁፋሮ በግዴታ ተወሰዱ፤ ብዙዎች በበሽታ አለቁ። ያም ሆኖ ጦርነቱ ለእነሱ በር ከፍቶላቸዋል። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑት ከጌቶቻቸው እየጠፉ ወደ ሰሜኑ ጦር መስመር ተሻገሩ። እዚያ የጠበቃቸው ነጻነት ከረሃብና ከበሽታ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ካምፕ ኔልሰን በሚባለው የሰሜን ጦር ሰፈር በኖቬምበር 1864 የሆነውን ልንገራችሁ። ባሎቻቸው ለሰሜኑ ሊዋጉ የተመዘገቡ ወደ 400 የሚሆኑ ሴቶችና ልጆች በሰፈሩ ተጠግተው ነበር። የሰፈሩ አዛዥ በብርድ ቀን በጋሪ ጭኖ አባረራቸው፤ ጎጆአቸውንም አፈረሰ። 102 ሰው ሞተ። ነገሩ ዋሽንግተን ድረስ ተሰማ፤ በማርች 1865 ኮንግረስ የጥቁር ወታደሮችን ሚስቶችና ልጆች ነጻ የሚያወጣ ሕግ አወጣ።

ወደ ደቡቡ ገበሬ ሚስት ልመለስና ነገሩን ልጨርስ። እነዚህ ሴቶች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ለአገረ ገዢ፣ ለጦር ሚኒስትር፣ ለፕሬዚዳንት። የኖርዝ ካሮላይና አገረ ገዢ ለነበሩት ለዘቡሎን ቫንስ የተጻፉት እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት አሉ። ሆሄያቱ የተዛነፉ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን ቀጥ ያለ ነው፦ ባሌን መልሱልኝ፣ ሰብሉ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ልጆቼ ተራቡ። ሌላው ደብዳቤ ደግሞ ለባል ይላካል። ያንን ያነበበ ወታደር ምን ያደርጋል? በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከኮንፌደሬሽን ጦር የኮበለለው ከ100 ሺህ በላይ ነው። ሁሉም ለቤተሰቡ ብሎ ነው አልልም፤ ሽንፈትም፣ ድካምም፣ ተስፋ መቁረጥም ነበረበት። ነገር ግን በ1864 መኸር የሰሜኑ ጄኔራል ሸሪዳን የሸናንዶዋን ሸለቆ ጎተራና ወፍጮ ሲያቃጥል፣ ጄኔራል ሸርማንም ከኖቬምበር እስከ ዲሴምበር ጆርጂያን አቋርጦ እህሉን ሲያወድም፣ ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነበር፦ ጦሩን የሚያቆመው ጓዳው ነው። በ1865 መጀመሪያ ሪችመንድ ውስጥ አንድ በርሜል ዱቄት ከ1,000 ዶላር በላይ ወጣ። በኤፕሪል መንግሥቱ ከተማዋን ለቆ ሲሸሽ መጋዘኖቹ ተከፈቱ፤ ሕዝቡ በውስጣቸው ያየው ለጦር ተብሎ የተከማቸ ዱቄትና ሥጋ ነው። ለዓመታት የለም የተባለው ማለት ነው።

በዚያ ጦርነት የሞቱ ወታደሮች ቢያንስ 620,000 ይሆናሉ። ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማክፈርሰን በጦርነቱ ምክንያት የሞቱትን ሲቪሎች ወደ 50,000 ይገምታሉ። ወታደሩ መቃብርና ሐውልት አለው፤ ከሲቪሎቹ የብዙዎቹ ስም እንኳ የትም አልተጻፈም።

የተጻፈበት አንድ ቦታ ግን አውቃለሁ፤ ለብዙ አድማጮቻችንም ቅርብ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ፣ በጦርነቱ ጊዜ በሰሜኑ ጦር እጅ ነበረች፤ ከባርነት ያመለጡ ሺዎች ተጠግተውባታል። ከ1864 እስከ 1869 ከ1,700 በላይ የሚሆኑት በአንድ የመቃብር ቦታ ተቀበሩ፤ ከግማሽ በላዩ ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ የነበረ ኃላፊ የእያንዳንዱን ስም በመዝገብ አስፍሯል። ቦታው ተረስቶ በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠርቶበት ነበር። በኋላ መዝገቡ ተገኘ፣ ማደያው ፈረሰ፣ በ2014 መታሰቢያ ሆኖ ተከፈተ፤ ስሞቹም ተቀርጸውበታል። ሳውዝ ዋሽንግተን ከተባለው መንገድና ከቸርች ስትሪት ማዕዘን ላይ ነው። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ስሞቹን አንብቡላቸው።